በጎርፉ ጊዜ ምክር ቤቱ የት ተሰበሰበ

ጠዋት ጠዋት፣ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት፣ የቀኑን ውሃ ይለካል። ጎኑ ላይ ቀያይ መስመር ያለው የመድኃኒት ቤት መለኪያ አለው። ሰባት መቶ ሚሊ ሊትር ይቀዳና በጠፍጣፋ ጠርሙስ ውስጥ ያደርገዋል። ክኒን የሚዋጠው፣ አፍ የሚረጥበው፣ ሻይ የሚፈላው ሁሉ ከዚያች ጠርሙስ ነው። ከሰዓት በኋላ ባዶ ከሆነች እስከ ማግስቱ ባዶ ናት። መጀመሪያ ሰሞን ሚስቱ አንጀቷ አልችል ብሎ ትንሽ ትጨምርለት ነበር፤ ሐኪሙ ሚዛኑ ላይ ሲደርስበት ተወችው። አሁን ጠርሙሷን ከእሱ በቀር የሚነካት የለም።

ሥራው መጽሐፍ መጠረዝ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ የእንጨት መጭመቂያ፣ አንድ የወረቀት መቁረጫና አንዲት መስኮት ይዞ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጧል። በመስኮቷ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። የተገነጠለ መዝገብ፣ አይጥ የቀመሰው ደብዳቤ፣ የየዓመቱ ሪፖርት ወደ እሱ ይወርዳል፤ ሲሰፋ፣ ሲለጠፍና ሲጫን ሰንብቶ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ሥራው ማንበብን አይጠይቅም። እሱ ግን ሙጫው እስኪደርቅ ሌላ የሚሠራው ስለሌለ ያነባል። የከተማዋ የመጀመሪያ የመንገድ መብራቶች ስንት እንደነበሩ፣ የገበያው ሚዛን ተቆጣጣሪ ለምን እንደተባረረ፣ የእሳት አደጋ ደወሉ የተሰነጠቀው በማን እንደሆነ ያውቃል። ሚስቱ፣ «ጭንቅላትህ ውስጥ ያለው ሁሉ የሰው ዕቃ ነው» ትለዋለች።

ኩላሊቱ ሥራውን ካቆመ ስድስት ዓመት ሞላው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይጠርዛል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለአራት ሰዓት ደሙ በቱቦ እየወጣ፣ በማሽን እየታጠበ ይመለሳል። እሑድ ይተኛል። ጤነኛ ሳለ እሑድ እሑድ ምን ይሠራ እንደነበር አንድ ቀን ሊያስታውስ ሞክሮ አልመጣለትም።

የእጥበቱ ክፍል አሥራ አንድ ወንበሮች አሉት። ወንበሮቹ እንደ አልጋ ይዘረጋሉ፤ ክንዳቸው ላይ ያለው ፕላስቲክ ተሰነጣጥቆ በነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። ክፍሉ ሁልጊዜ ይበርዳል። ሰው ሲገባ ይመዘናል፤ ካለፈው ጊዜ ወዲህ የጨመረው ኪሎ በሙሉ ውሃ ስለሆነ ማሽኑ የሚያወጣለትን ልክ ሲስተር ከዚያ ላይ ታሰላለች። ከዚያ ሁለት ወፍራም መርፌዎች ክንዱ ውስጥ ይገባሉ፤ አንዱ ደሙን ያወጣል፣ ሌላው ይመልሳል። የጠራዡ የግራ ክንድ፣ ሐኪሞች ደም ሥሩን በቀጠሉበት ቦታ፣ ገመድ ከቆዳው ሥር የተጠመጠመበት ይመስላል። ጣት ሲያስቀምጡበት ይነዝራል።

እሱ አምስተኛው ወንበር ላይ ነው። ስድስተኛው የሾፌሩ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት ከባድ መኪና የነዳ፣ አሁን እንኳ ተኝቶ ቀኝ እግሩ ፍሬን የሚፈልግ፣ ተከራካሪ ሰው ነው። ሰባተኛው ላይ የታሪክ መምህርቷ አሉ። ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ድምፃቸው ግን ዛሬም ከኋላ ወንበር የሚንሾካሾክ ተማሪ የሚያስደነግጥ ዓይነት ነው።

ጥያቄውን የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ሾፌሩ ያልተሻገርኩት ድልድይ የለም እያለ ሲጎርር ሰሙና፣ ከሚሻገራቸው ድልድዮች ስለ አንዱ፣ ማን እንዳሠራው ጠየቁት። መልሱን ሲያስብ ማሽኑ ጮኸ፣ ሰዓቱም አለቀ። «ማክሰኞ እነግርዎታለሁ» ብሎ ሄደ። እሑድና ሰኞን ሰው ሲጠይቅ ውሎ ማክሰኞ መልሱን ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ደንብ ሆነ፦ በየተራ አንድ ሰው ይጠይቃል፤ መልሱ የሚነገረው በሚቀጥለው ቀን ነው። ስልክ ከፍቶ መፈለግ ነውር ነው። መልስ ከመጽሐፍ ወይም ከሰው አፍ መምጣት አለበት። ለአሸናፊው ምንም አይሰጠውም፤ ተሸናፊው ግን አራት ሰዓት ሙሉ ይሰደባል።

ደንቡ ለምን እንደሚጠቅም አንስተው አያውቁም። ደንቡን ያፈረሰ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቀድሞ አራተኛው ወንበር ላይ የነበረ ልብስ ሰፊ። አንድ ቅዳሜ ጠየቀና መልሱን እዚያው ነገራቸው። ሾፌሩ እየሳቀ ሰደበው። ማክሰኞ ልብስ ሰፊው አልመጣም፤ ሐሙስም አልመጣም። በሁለተኛው ሳምንት ሲስተር ወንበሩን ለሌላ ሰው ሰጠችው። በኋላ ከቤተሰቡ እንደተሰማው፣ እጥበቱን በቃኝ ያለው ራሱ ነበር።

ከዚያ ከብዙ ወራት በኋላ ጠራዡም አንድ ሐሙስን የመጨረሻ እጥበቱ ሊያደርገው ወሰነ። የተለየ ነገር አልደረሰበትም። አልከፋውም፣ ከማንም አልተጣላም። ደክሞት ነው። አንድ ረቡዕ ሥራ ላይ ሳለ፣ ስድስት ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን ስንት እንደሚመጣ በቁራጭ ወረቀት ላይ አባዛ፤ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስድስት ሆነ። ወረቀቱን ተመለከተና ቁጥሩ ላይ አንድ የመጨመር ፍላጎት በውስጡ ፈለገ፤ አላገኘም። በማግስቱ ሲስተርን፣ «ሰው እጥበቱን ቢያቆም ምን ያህል ይቆያል?» አላት።

«ለማን ነው አባባ?»

«ለአንድ ዘመዴ።»

ሲስተር ፕላስተሩን እየቆረጠች ቀና ብላ አየችው። «አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ዘመድዎን ይዘውት ይምጡና ከሐኪሙ ጋር ያውራ» አለችው።

ለሚስቱ አልነገራትም። በጅምር የነበሩትን ሦስት ጥራዞች ጨረሰ፣ የሙጫ ብሩሾቹን አጠበ፣ ቢላዋውን ስሎ በጨርቅ ጠቀለለው።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ የመጨረሻዬ ባለው ሐሙስ ዕለት፣ መጀመሪያ የማክሰኞው ጥያቄ መልስ ተነገረ። የጠየቀው ሾፌሩ ነበር፤ በአንድ ማለዳ መኪና ሁሉ ከመንገዱ ግራ ወደ ቀኝ የተሻገረበት የአውሮፓ አገር የትኛው ነው ብሎ።

«ስዊድን» አሉ መምህርቷ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ሾፌሩ ደስ አላለውም። «ማን ነገረዎት?»

«የወንድሜ ልጅ እዚያ ኖሯል።»

«እኔ ደግሞ እርስዎ መኪና ስለማያውቁ ነበር የተዝናናሁት።»

«ሠላሳ አምስት ዓመት ታክሲ ተሳፍሬ፣ እንዴት አላውቅም?»

ተራው የጠራዡ ነበር። ያዘጋጀው ጥያቄ የሚወደው ነበር። «ትልቁ ጎርፍ የመጣ ጊዜ» አለ፤ «የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውሃ ገባ። ምክር ቤቱ አርባ ቀን ሌላ ቦታ ተሰበሰበ። የት?»

ሾፌሩ አፉን ከፈተና ዘጋው። ደንቡን አስታውሶ ነው። ፊቱ ላይ ግን የሚያውቅ ሰው እርካታ ታየ፤ ጠራዡ ልብ አላለውም። መምህርቷ «እም» ብለው ብርድ ልብሳቸውን ወደ አገጫቸው ሳቡ።

ሦስተኛው ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ሲደክምና ወሬው ሲሳሳ፣ ጠራዡ ጣሪያውን እያየ አሰበ። ቅዳሜ እሱ እዚህ ከሌለ ጥያቄው ተንጠልጥሎ ይቀራል። እነዚህ ሰዎች ለፍተው ሰው ሲጠይቁ ይከርማሉ፣ የሚያረጋግጥላቸው ግን አይኖርም። ሥራ ጀምሮ መተው አይወድም። «እስር ቤቱ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው» አለ፣ ብሩሽ አጥቦ እንደሚያስቀምጥ ሰው።

ሾፌሩ አንገቱን አዞረ። «ምኑ?»

«ምክር ቤቱ። ከእስረኞቹ በላይ ተቀምጠው ነው የተሰበሰቡት። መልሱ እሱ ነው።»

«ማን ጠየቀህ? መልሱ ለቅዳሜ አይደለም እንዴ?»

«ረስቼ ነው።»

መምህርቷ ዓይናቸውን ገልጠው አዩት። ማሽኖቹ ይሽከረከራሉ። አራተኛው ወንበር ላይ አሁን የሚቀመጠው ወጣት አንገቱን ጥሎ ተኝቷል። «አንተ እንኳ አትረሳም» አሉ ቀስ ብለው።

ጠራዡ ያን ጊዜ ነው ልብስ ሰፊው ትዝ ያለው። ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ የሚያጽናና ነገር ይናገር ይሆናል። ሾፌሩ ግን ስለ ልብስ ሰፊው አስቦም እንደሆን አልታወቀም፤ የቆረቆረው ሌላ ነበር።

«ደግሞ ውሸት ነው» አለ።

«ምኑ?»

«እስር ቤቱ። የባቡሩ ዕቃ መጋዘን ነው የተሰበሰቡት። አባቴ እዚያ ወዛደር ነበር። ከንቲባው ጨው ጆንያ ላይ ተቀምጦ እየዋለ፣ ሲነሳ የሱሪው መቀመጫ ነጭ ይሆን ነበር ብሎ ስንት ጊዜ ነግሮናል።»

«አባትህ ስብሰባው ላይ ነበሩ?»

«ጆንያውን ተሸክሞ ያስቀመጠላቸው ማን ሆነና?»

«መጽሐፍ ላይ አለ» አለ ጠራዡ። «የዚያን ዓመት ሪፖርት። የጠረዝኩት እኔ ነኝ።»

«መጠረዝና ማወቅ ለየቅል ነው ወንድሜ። እኔም መድኃኒት ስጭን ኖሬአለሁ፤ ሐኪም ግን አልሆንኩም።»

መምህርቷ ከብርድ ልብሳቸው ሥር ሳቁ።

ነገሩ ለጠራዡ አልዋጥ አለው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲጠይቅ፣ መልሱ አንድ ጊዜ እንኳ ተሳስቶ አያውቅም። ሌሎቹ ሲጨቃጨቁ የሚዳኘው እሱ ነበር። «ገጹን ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ» አለ።

«ስልክ ላይ የማይሠሩት የለም። መጽሐፉን ራሱን ነው የማየው። ቅዳሜ።»

«መጽሐፍ ከመዝገብ ቤት አይወጣም።»

«እንግዲያስ አባቴን ውሸታም ብለህ ሄደሃል ማለት ነው።»

«ሄደሃል» ያለው እንዲያው በአነጋገር ይሁን አውቆ፣ ጠራዡ ለይቶ አላወቀውም።

ሰዓቱ ሲያልቅ ሲስተር መርፌዎቹን አወጣች፤ ሁሉም በየተራ ክንዱን በጎዝ ተጭኖ ደሙ እስኪቆም ተቀመጠ። መምህርቷ ከዘራቸውን ይዘው በእሱ በኩል ሲያልፉ ቆም አሉ። «ቅዳሜ እጠብቅሃለሁ አልልህም» አሉት። «ሰው መጠበቅ ደክሞኛል። መጽሐፉን ግን ባየው ደስ ይለኛል።» ከዚያም አዝግመው ወጡ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤቱ ገብቶ ጠርሙሷን አልፈለገም። ከማድ ቤቱ ቧንቧ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ቀድቶ ጠጣ፤ ሌላም ደገመ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ በጉሮሮው ሲወርድ ተሰማው። ሚስቱ ምድጃው አጠገብ ቆማ ድንች ትልጣለች። ለእሱ የሚሆነውን ድንች ሁለት ጊዜ ቀቅላ፣ ሁለት ጊዜ ውሃውን ትደፋለች፤ ሐኪሙ ያለው እንዲህ ነው። ሁለቱንም ብርጭቆ አይታለች። ቢላዋዋ ለአፍታ ቆመ።

«ጣመህ?» አለችው።

«ውሃ ነው።»

ብርጭቆውን ተቀብላ አጠበችና ቦታው መለሰችው። በማግስቱ ጠዋት፣ እሱ ለሥራ ሲወጣ፣ ወደ እጥበት ሲሄድ የሚለብሰውን እጅጌው ሰፊ ሹራብ ነክራው ነበር።

ዓርብ ዕለት ጠራዡ ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ ኮቱን ከመስቀሉ በፊት ወደ መደርደሪያዎቹ ሄደ። ጥራዙን ለማግኘት መፈለግ አላስፈለገውም፤ ጀርባው ላይ ያለው ጨርቅ የራሱ እጅ ሥራ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ከፈተ። ከታች፣ የመጨረሻው መስመር፣ በደንብ የሚያስታውሰው ነው፦ «የአዳራሹ ወለል በውሃ ስለተዋጠ ምክር ቤቱ ለአርባ ቀን»። ዓይኑን ወደ ቀኙ አሻገረ። ቀጣዩ ገጽ ከላይ የሚጀምረው እንዲህ ብሎ ነው፦ «በእስር ቤቱ ላይኛው ፎቅ ሥራውን ቀጠለ»። በቃ፣ ተጽፎ አለ። ለሾፌሩ በልቡ አዘነለት፤ አባት ለልጁ የሚነግረው ሁሉ እውነት አይሆንም። መጽሐፉን ሊዘጋ ሲል ዓይኑ የገጹ ጥግ ላይ ወደቀ።

ቁጥሩ መቶ ሃያ ዘጠኝ ይላል።

መጽሐፍ የሚሰፋው ገጽ በገጽ አይደለም። ትልቅ ወረቀት ታጥፎ አሥራ ስድስት ገጽ ይሆናል፤ እነዚህ እጥፎች በተራ ተደርድረው መርፌና ክር በጀርባቸው ያልፋል። ከመቶ አሥራ ሁለት በኋላ መምጣት ያለበት መቶ አሥራ ሦስት ነው። እዚህ ግን ሁለት እጥፎች ቦታ ተለዋውጠዋል፤ የኋለኛው ከፊት ገብቷል። ጠራዥ የሚባል ሰው ከመስፋቱ በፊት የሚያየው ቁጥሩን እንጂ ቃሉን አይደለም፤ የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት ነው። እሱ ግን ቃሉን አንብቦ፣ ቃሉ ሲገጥምለት ጊዜ አለፈው። ቅጠሎቹን ቆጥሮ እውነተኛውን መቶ አሥራ ሦስትን አገኘው። ከላይ፦ «በባቡር ኩባንያው የዕቃ መጋዘን ውስጥ ተሰበሰበ» ይላል።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በመስኮቷ አንድ ጥንድ ጥቁር ጫማ አለፈ፣ ቆይቶም ተመለሰ።

ከኋላ ሽፋኑ ውስጠኛ ክፍል፣ እንደ ልማዱ፣ የጠረዘበትን ቀን በእርሳስ ጽፏል። ቀኑን ያውቀዋል። የመጀመሪያውን እጥበት ባደረገ በማግስቱ ነው። ያን ቀን ሰው ሁሉ ቤትህ ተኛ ሲለው አሻፈረኝ ብሎ እዚህ መጥቶ ሰፍቷል። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ቆሟል፤ አንድም አንባቢ ስህተቱን አላገኘም፤ ምናልባት አንድም አንባቢ አልነበረውም። ይህንኑ ጥያቄ አድርጎ፣ አፉን ሞልቶ፣ ወዛደሩን ሰውዬ ውሸታም አሰኝቷል።

ቅዳሜ ባይሄድ የሚያውቅበት የለም። መምህርቷም ሾፌሩም እሱ ልክ ነበር ብለው ወይም አልነበረም ብለው ይቀራሉ። ዛሬውኑ ክሩን ፈትቶ እጥፎቹን ቦታቸው ቢመልስም የሚያውቅበት የለም። መጽሐፉ የሚስተካከል ነገር ነው። በሾፌሩ ፊት የተናገረው ግን መደርደሪያ ላይ የለም፤ ፈትተው አይሰፉትም። ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ቆየ። ድካሙ እንዳለ ነው፤ አልቀለለም። ደግሞ ሌላ የሚያደክም ነገር ተጨመረበት። በመጨረሻ መጽሐፉን እንዳለ፣ ስህተቱን እንደያዘ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ፎቅ ወጣ።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ በዕድሜ ልጁ ልትሆን የምትችል ሴት ናት። ጥቅሉን አይታ መነጽሯን አወለቀች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ነዎት መጽሐፍ አይውጣ ብለው ሕጉን ግድግዳ ላይ የለጠፉት።»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ?»

«ቅዳሜ ማየት ያለበት ሰው አለ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ስህተት ያገኘብኝ ሰው ነው።»

ኃላፊዋ ይህን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ የውሰት መዝገቡን አውጥታ ወደ እሱ ገፋችለት። ስሙን ጻፈ፣ የመጽሐፉን ቁጥር ጻፈ። «የሚመለስበት ቀን» የሚለው ሣጥን ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

«ሰኞ ይበሉበት» አለችው። «ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ።»

ሰኞ ብሎ ጻፈ።

ራት ላይ ሚስቱ ድንቹን አቅርባለት ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ጠርሙሷን ዛሬም አልነካትም፤ ሲጠጣ የዋለው ከቧንቧ ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለው ነገር በሩ አጠገብ፣ የጠዋት ቦርሳው ላይ ተቀምጧል። አየችው፣ ከዚያ እሱን አየችው።

«ነገ ትሄዳለህ?»

«መጽሐፍ የማሳየው ሰው አለ።»

«የምትሄድ ስላልመሰለኝ ሹራቡን አጥቤዋለሁ» አለች። «አይደርቅም። ያንን አሮጌውን ትለብሳለህ።»

ቀና ብሎ ሊያያት ፈለገ፤ እሷ ግን የጨው ዕቃውን ወደ ራሷ እያስጠጋች ነበር።

ቅዳሜ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ሲስተር ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «አባባ፣ ሦስት ኪሎ ከስምንት መቶ? በሁለት ቀን? ምን ጠጥተው ነው?»

«ውሃ።»

«ምን ያህል?»

«አልለካሁትም።»

«ይኼ ሁሉ ውሃ ሲወጣ እግርዎ ተኮማትሮ ሲያስጮህዎት እኔን እንዳይጠሩኝ» አለች፤ ግን ማሽኑን በቀስታ እንዲሄድ አድርጋ አስተካከለችው።

ሾፌሩ ቀድሞ ገብቶ ተኝቷል። ጠራዡን ሲያይ «መጣ እንዴ ሰውዬው?» አለ ለመምህርቷ፣ ጠራዡ የማይሰማ ይመስል። መምህርቷ በጭንቅላታቸው ሰላምታ ሰጡና ብርድ ልብሳቸውን አስተካከሉ። ሁሉም መርፌያቸው እስኪገባ፣ ቱቦው እስኪቀላ ድረስ ነገሩ አልተነሳም። ከዚያ ጠራዡ ነፃ በሆነው እጁ ጥቅሉን በወንበሩና በሾፌሩ ወንበር መካከል ባለችው ጠረጴዛ ላይ አኖረ።

«መቶ አሥራ ሁለትን ክፈት።»

ሾፌሩም አንድ እጅ ብቻ ነው ያለው። ገጹን በአውራ ጣቱ እየገፋ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ወደ ቀኙ ገጽ ተሻገረ። ፊቱ ጠቆረ። «እስር ቤት ይላል» አለ።

«ቁጥሩን እይ። ከላይ።»

«መቶ ሃያ ዘጠኝ።» ሾፌሩ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ እንደገና ወደ ፊት ሄዶ አየ። «ይኼ ቆጠራ የማን ነው?»

«የእኔ ነው። እጥፎቹን አሳስቼ ሰፍቻለሁ። አሁን ብዙ ገጽ እለፍ፤ መቶ አሥራ ሦስት የሚል ታገኛለህ።»

ፍለጋው ጊዜ ወሰደ። ሲያገኘው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፦ «በባቡር ኩባንያው የዕቃ መጋዘን ውስጥ ተሰበሰበ።» ደግሞም አነበበው። መምህርቷም ጠራዡም ስድቡን ጠበቁ፤ ለአራት ሰዓት የሚበቃ ነገር በእጁ ገብቶለታል። ሾፌሩ ግን ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ቀረ።

«ጨው የለበትም» አለ በመጨረሻ።

«መጋዘኑ አለ።»

«ጨው ግን አላለም።»

«ሪፖርት እኮ ነው። ከንቲባው ምን ላይ ተቀመጠ ብሎ አይጽፍም።»

«ጨው ነበር።»

«ነበር» አለ ጠራዡ። «አባትህ ካሉ ነበር። ሐሙስ ያልኩትን አንስቻለሁ።»

ሾፌሩ መጽሐፉን በቀስታ ዘጋው፣ ለመጽሐፍ እንደማይበጅ ሳያስብ መዳፉን ሽፋኑ ላይ ጭኖ አስቀረው። «በሕይወት ሳለ እኛም አናምነውም ነበር» አለ። «ከንቲባውን፣ ጨውን፣ ሱሪውን እያልን እንስቅበት ነበር።»

መምህርቷ ከወዲያ በኩል ተናገሩ። «እስር ቤቱስ ታዲያ ምንድን ነው? ማን ነው እዚያ ሥራውን የቀጠለው?»

«ትምህርት ቤቱ» አለ ጠራዡ። «በዚያው ዓመት ኋላ ላይ ነው፣ ሲቃጠል። እስከ ክረምት እስር ቤቱ ፎቅ ላይ አስተምረዋል።»

«ይኼን አላውቅም ነበር» አሉ። የማያውቁት ነገር ሲገኝ እንደወትሮው ትንሽ ተከፉ። «ለተማሪዎቹም ለውጡ ብዙ አልተሰማቸው ይሆናል።»

ሦስተኛው ሰዓት ላይ የጠራዡን የግራ ባት ይዞ ጎተተው። ጥርሱን ነከሰ፤ ከዚያም ጮኸ። ሲስተር መጥታ እግሩን ወደ ላይ ገፋች፣ የማሽኑን ፍጥነት ቀነሰች፤ ሰዓቱንም በግማሽ ሰዓት አራዘመችው። ላቡ እየደረቀ ሲሄድ በረደው። አሮጌው ሹራብ ክርኑ ላይ ተቀድዷል። ዓይኑን ጨፈነ። መጽሐፉን አሳይቷል፤ የመጣበት ጉዳይ አልቋል። ነገ እሑድ ነው።

«ተራው የእኔ ነው» አሉ መምህርቷ።

ሾፌሩ አቃሰተ። «ዛሬ እንኳ ይማሩን።»

«የአንድ አገር ሕዝብ ረቡዕ ማታ፣ ከወሩ በሁለተኛው ቀን ተኛ። ሐሙስ ጠዋት ሲነቃ ቀኑ አሥራ አራተኛው ነበር። የትኛው አገር ነው? ለምንስ?» ጥያቄውን የጠየቁት ወደ ጣሪያው እያዩ ነው። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «መልሱ ማክሰኞ ነው» አሉ፤ ይህንን ከዚህ በፊት ጮክ ብለው ተናግረውት አያውቁም።

«ሲታመሙ ከርመው ነው» አለ ሾፌሩ። «አሥራ ሁለት ቀን ተኝተው።»

«መልስ ማክሰኞ ነው አልኩ።»

ጠራዡ ዓይኑን አልገለጠም። ሾፌሩ መጽሐፉን በጋዜጣው መልሶ ለመጠቅለል በአንድ እጁ ሲታገል ይሰማዋል።

መጽሐፉ ሰኞ ጠዋት ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ እሷም መዝገቡ ላይ ምልክት አድርጋ ወደ ምድር ቤቱ ትመልሰዋለች። ሽፋኑ ይነሳል፣ ክሩ ይቆረጣል፣ የደረቀው ሙጫ ከእያንዳንዱ እጥፍ ጀርባ በቢላዋ ይፋቃል። ስፌቱ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይፈጃል፤ ከተለጠፈ በኋላም መጭመቂያው ውስጥ ሁለት ቀን መቆየት አለበት። ጠራዡ የሚሠራው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ስለሆነ፣ ሥራው የሚያልቀው በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ነው፤ በመካከሉ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ አሉ።